የአነስተኛ ተፋሰስ ጎርፍ ስሌት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የገጠር መንገድ ቱቦ የሚቀብር፣ የቦረቦር ክትር የሚሠራ ወይም የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ የሚያወጣ ባለሙያ ሁሉ አንድ ችግር ይገጥመዋል፦ ፈፋዋ መለኪያ የላትም። በጋውን ደርቃ የከረመች ፈፋ በሐምሌ አንድ ከሰዓት በኋላ ስንት ውሃ ይዛ እንደምትወርድ የሚናገር መዝገብ ስለሌለ፣ ከዝናቡና ከመሬቱ ተነስተን እንገምታለን። ከታች ያሉት ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ቀመር ይመስላሉ። ስህተቱ የሚገባው ግን ብዙውን ጊዜ ወደ ቀመሩ በምናስገባው ቁጥር በኩል ነው። በቀመሮቹ ውስጥ ^ ምልክት አርቢን ያሳያል።

የጎርፍ መጠንና ከፍተኛ ፍሰት አንድ ናቸው?

አይደሉም። መጠን ከአንድ ዝናብ በድምሩ የወረደው ውሃ ነው። ከፍተኛ ፍሰት ደግሞ ጎርፉ እጅግ በበረታበት ቅጽበት በሰከንድ የሚያልፈው ነው። ኩሬ የሚቆፍር ሰው የሚያስፈልገው መጠኑ ነው፤ ቱቦ፣ ቦይና የክትር ማፍሰሻ የሚሠራ ሰው የሚያስፈልገው ከፍተኛው ፍሰት ነው። በ42 ሄክታር ላይ 38.5 ሚሊ ሜትር ጎርፍ ቢወርድ መጠኑ ወደ 16,170 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ ይህ ቁጥር ብቻውን ግን ቱቦው ስንት ሜትር ስፋት እንደሚያስፈልገው አይነግርም። ያው ውሃ በሦስት ሰዓት ቢወርድ አንድ ነገር ነው፣ በአርባ ደቂቃ ቢወርድ ሌላ።

የትኛውን ዘዴ ልጠቀም?

እስከ 50 ሄክታር ራሽናል ዘዴ (ፍሰቱን ከዝናብ ጥንካሬ፣ ከስፋትና ጎርፍ ከሚሆነው የዝናብ ድርሻ የሚያሰላው)፣ ከዚያ በላይ የከርቭ ነምበር ዘዴ (ለአፈሩና ለመሬት አጠቃቀሙ በሚሰጥ ቁጥር ከዝናቡ ጎርፉን የሚለየው)። በአገራችን የመንገድ ድሬኔጅ ዲዛይን መመሪያም ወሰኑ 50 ሄክታር ነው። ከዚህ በላይ ሲሄዱ ራሽናል ዘዴ የሚሳሳተው ዝናቡ በተፋሰሱ ሁሉ ላይ እኩል፣ ያለማቋረጥና በአንድ ጥንካሬ ይወርዳል ብሎ ስለሚነሳ ነው። ለአንድ ጋራ ፊት ያስኬዳል፤ ለሦስት ቀበሌ አያስኬድም።

የተፋሰሱን ወሰን ከኮምፒውተር ብቻ ባወጣ ምን ችግር አለው?

ከሁሉም ትልቁ ስህተት የሚፈጠረው እዚህ ነው። በነፃ የሚገኘው የከፍታ ካርታ አንዱ ነጥብ 30 በ30 ሜትር ነው። 42 ሄክታር ተፋሰስ እዚያ ላይ ወደ 470 ነጥብ ብቻ ነው። የአንድ ሜትር ጥልቀት ያለው የመንገድ ዳር ቦይ፣ ገበሬው ባለፈው ዓመት የቆፈረው መቀልበሻ ወይም ከብት የሚሄድበት የተቦረቦረ መንገድ በዚህ ካርታ ላይ አይታይም። ውሃው የሚከተለው ደግሞ እነሱን ነው።

ስለዚህ ወሰኑን በካርታ ካወጡ በኋላ ስልክ ይዘው ወሰኑን ተከትለው በጋራው ጀርባ ይሂዱ። በተለይ ሦስት ነገር ይፈልጉ። አንደኛ፣ ከጎን ተፋሰስ ውሃ ጠልፎ ወደ እርስዎ የሚያመጣ መቀልበሻ አለ? 12 ሄክታር ብቻ ቢጨምር 42ቱ 54 ይሆናል፤ ፍሰቱም 29 በመቶ ገደማ ያድጋል። ሁለተኛ፣ ከላይ ያለው ቱቦ ቢዘጋ ውሃው ወዴት ይሄዳል? ተዳፋት ላይ በተቆረጠ መንገድ መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ በቦዩ ይዞ ወደሚቀጥለው ቱቦ። አንዱ በደለል ሲደፈን ሁለተኛው የሁለት ተፋሰስ ጎርፍ ይቀበላል፣ መንገዱም የሚቆረጠው ደህና በነበረው ቱቦ ላይ ነው። ሦስተኛ፣ ወሰኑ ሜዳ ላይ ከሆነ በዝናብ ጊዜ ውሃው ወዴት እንደሚሄድ እዚያ የሚያርሰውን ሰው ይጠይቁ። ሜዳ ላይ ከኮንቱር መስመር ይልቅ የገበሬው ጣት ይታመናል።

የመሰብሰቢያ ጊዜ እንዴት ይሰላል?

የመሰብሰቢያ ጊዜ ማለት ከተፋሰሱ ሩቅ ጫፍ የተነሳ ውሃ መውጫው ላይ ለመድረስ የሚወስድበት ጊዜ ነው። በራሽናል ዘዴ የዝናቡ ጥንካሬ የሚወሰደው ለዚህች ጊዜ ነው። በብዛት የሚሠራበት የኪርፒች ቀመር ነው፦

ጊዜ በደቂቃ = 0.0195 × ርዝመት^0.77 ÷ ተዳፋት^0.385

ርዝመቱ በሜትር ነው። ተዳፋቱ በመቶኛ ሳይሆን በምጥጥን ይገባል። ውሃው የሚሄድበት መንገድ 1,100 ሜትር፣ የከፍታ ልዩነቱ 88 ሜትር ከሆነ ተዳፋቱ 0.08 ነው፤ ጊዜውም 11.3 ደቂቃ ይወጣል። 0.08 በማስገባት ፈንታ 8 ያስገባ ሰው 2 ደቂቃ ገደማ ያገኛል፣ የዝናቡን ጥንካሬም ሳያውቅ ያጋንናል።

ቀመሩ እ.ኤ.አ. በ1940 የወጣው በአሜሪካ ቴነሲ ካሉ፣ ከ45 ሄክታር ከማይበልጡና በግልጽ የተቀረጸ ቦይ ካላቸው የእርሻ ተፋሰሶች ነው። ለተቦረቦረ ተዳፋት ጥሩ ነው። ውሃው በሣር ላይ ተበትኖ ለሚሄድበት ሜዳ ግን ጊዜውን አሳጥሮ ይናገራል፤ ብዙ ባለሙያዎች ለዚያ ዓይነት መሬት ውጤቱን በ2 ያባዛሉ።

ፈጣን ማጣሪያ ይኸውና፦ ርዝመቱን በጊዜው አካፍለው ፍጥነቱን ይዩ። 1,100 ሜትር በ680 ሰከንድ ማለት በሰከንድ 1.6 ሜትር ነው፤ ለገደላማ ፈፋ ያስኬዳል። በሣር ሜዳ ላይ በሰከንድ 4 ሜትር ከወጣልዎ አንድ ቁጥር ተበላሽቷል። ከ5 ደቂቃ በታች የወጣ ጊዜ እንደ 5 ይወሰዳል።

በአቅራቢያችን ያለው ጣቢያ የቀን ዝናብ ብቻ ነው ያለው። የ11 ደቂቃ ጥንካሬ ከየት አመጣለሁ?

አብዛኞቹ ጣቢያዎች እንዲሁ ናቸው፤ ታዛቢው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ መለኪያውን አንብቦ የ24 ሰዓቱን ድምር ይመዘግባል። ሥራው በአራት እርምጃ ይሄዳል።

ከየዓመቱ ትልቁን የቀን ዝናብ ለቅመው አማካዩንና መደበኛ ልይይቱን (ቁጥሮቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚርቁ የሚለካውን) ያስሉ። ጋምቤል በሚባለው ስርጭት ለ10 ዓመት ጎርፍ አማካዩ ላይ 1.305 ጊዜ ልይይቱ ይደመራል። አማካዩ 50፣ ልይይቱ 19 ሚሊ ሜትር ቢሆን 75 ይመጣል። መዝገቡ አጭር ሲሆን ማባዣው ከዚህ ከፍ ይላል፤ 15 ዓመት መረጃ ይዞ 1.305ን መጠቀም ወደ ታች መገመት ነው።

ቀጥሎ 75ቱን በ1.13 ያባዙ፣ 85 ይሆናል። ይህ የሚደረገው በሰዓት ተቆርጦ የተነበበ ቀን እውነተኛውን ትልቁን 24 ሰዓት ሁልጊዜ ስለማይዝ ነው።

ከዚያ ወደ አጭር ጊዜ ማውረድ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ የተለመደው ቅርጽ ይህ ነው፦

የዝናብ ድርሻ = (ጊዜ ÷ 24) × ((0.33 + 24) ÷ (0.33 + ጊዜ))^ን

ጊዜው በሰዓት ነው። “ን” የአካባቢው የዝናብ ጠባይ የሚወስነው አርቢ ነው። ለ11.4 ደቂቃ፣ ማለትም ለ0.19 ሰዓት፣ “ን” 0.9 ሲሆን ድርሻው 0.25 ነው፤ ከ85 ሚሊ ሜትሩ 21.3 በዚያች ጊዜ ይወርዳል። ይህንን በ0.19 ሲያካፍሉ ጥንካሬው በሰዓት 112 ሚሊ ሜትር ይሆናል።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። “ን” 0.8 ቢሆን ጥንካሬው ወደ 76 ይወርዳል፤ 1.0 ቢሆን ወደ 165 ይወጣል። ከሁለት እጥፍ በላይ ልዩነት በአንዲት አርቢ! ስለ ጎርፍ ምጥጥን (ከዝናቡ ጎርፍ ስለሚሆነው ድርሻ) 0.45 ይሁን 0.50 ግማሽ ቀን የሚከራከር ቡድን ብዙ ጊዜ ይህችን አርቢ ከሌላ አካባቢ ሪፖርት ገልብጦ ያልፋታል። ለአካባቢዎ የተዘጋጀ የጥንካሬ፣ የቆይታና የድግግሞሽ ኩርባ ካለ ያንን ይጠቀሙ፤ ቀመሩ ኩርባ ለሌለበት ነው።

እስኪ አንድ ስሌት እስከ መጨረሻው አሳዩን።

42 ሄክታር ተፋሰስ እንውሰድ፦ 30 ሄክታር እርሻ በምጥጥን 0.45፣ 8 ሄክታር ግጦሽ በ0.40፣ 4 ሄክታር መንደርና መንገድ በ0.60። ሚዛናዊ አማካዩ 0.455 ነው።

ፍሰት = ምጥጥን × ጥንካሬ × ስፋት ÷ 360
ፍሰት = 0.455 × 112 × 42 ÷ 360 = በሰከንድ 5.9 ሜትር ኩብ ገደማ

ስፋቱ በካሬ ኪሎ ሜትር ከሆነ በ360 ማካፈሉ ይቀርና በ0.278 ይባዛል። ሁለቱን ማደባለቅ የተለመደ ስህተት ነው፤ ደግነቱ ውጤቱ መቶ እጥፍ ስለሚዛባ ወዲያው ይታያል። ለ25 ዓመት ጎርፍ ምጥጥኑ በ1.1፣ ለ50 ዓመት በ1.2 ከፍ ይደረጋል፤ ከ1 ግን አይበልጥም።

አንድ ወጥመድ አለ። ላይኛው ክፍል ደን፣ ታችኛው ክፍል መንደር በሆነበት ቦታ ታችኛውን ብቻውን ደግሞ ያስሉ። ከላይ በያዝነው ዝናብ፣ 25 ሄክታር ደን በ0.25 እና 15 ሄክታር መንደር በ0.70 ቢሆኑ፣ ለጠቅላላው በ25 ደቂቃ መሰብሰቢያ ጊዜ 3.8 ሜትር ኩብ ይወጣል። መንደሩ ብቻውን በ5 ደቂቃ 4.0 ይሰጣል። ትልቁን ይያዙ።

ከርቭ ነምበር ስመርጥ ዋልካ አፈርን የት ልመድበው?

ዲ ውስጥ። በከርቭ ነምበር ዘዴ አፈር በውሃ አሰራረጉ ከኤ እስከ ዲ ይመደባል፤ ኤ አሸዋማው፣ ዲ ውሃ የማያሰርገው ነው። ነገር ግን ዋልካ ሁለት መልክ አለው። በሰኔ መግቢያ ተሰነጣጥቆ እያለ የመጀመሪያዎቹን ዝናቦች ይውጣል፤ አብጦ ሲዘጋ ደግሞ እንደ ሰሌን ያንሸራትታል። የሐምሌንና የነሐሴን ጎርፍ የምናሰላ ከሆነ ዲ ነው፤ በሰኔ መጀመሪያ የተለካ የስርገት መጠን ይዞ ሲ ነው ብሎ መከራከር አያዋጣም።

ቀመሩ ይህ ነው፦

የመያዝ አቅም = 25400 ÷ ከርቭ ነምበር − 254
ጎርፍ = (ዝናብ − 0.2 × አቅም)^2 ÷ (ዝናብ + 0.8 × አቅም)

በ85 ሚሊ ሜትር ዝናብ ከርቭ ነምበር 80 ሲሆን ጎርፉ 38.5 ሚሊ ሜትር ነው። 85 ሲሆን 47.8 ይሆናል። አምስት ቁጥር ስቶ 24 በመቶ መሳሳት ማለት ነው። መሬቱ ለቀናት ዘንቦበት የራሰ ከሆነ 80ው ወደ 90 ይነሳል፤ ጎርፉም 58.5 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። በክረምት እኩሌታ ላይ ደጋ ውስጥ መሬት የማይርስበት ሳምንት ስለሌለ፣ የራሰውን ሁኔታ ቢያንስ ለማወዳደሪያ ሳያሰሉ አይለፉ።

የተለያዩ ቦታዎችን ከርቭ ነምበር አማካይ ማድረግ ይቻላል?

ቁጥሮቹ ከተቀራረቡ አዎ። ከተራራቁ የየራሱን ጎርፍ አስልቶ መደመር ይሻላል። ግማሹ 60፣ ግማሹ 98 የሆነ ተፋሰስ አማካዩ 79 ነው፤ በ30 ሚሊ ሜትር ዝናብ አማካዩ የሚሰጠው 3.2 ሚሊ ሜትር ጎርፍ ነው። ለየብቻ ሲሰላ ግን 60ው ምንም አይሰጥም፣ 98ቱ 24.6 ይሰጣል፤ በጠቅላላው ላይ ሲበተን 12.3 ነው። አራት እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ዝናቡ ትልቅ ሲሆን ልዩነቱ ይጠባል፤ በቆርቆሮ ጣሪያና በድንጋያማ ገጽ በተሞላ መንደር ግን ጉዳዩ ቀላል አይደለም።

በሦስት ማዕዘን ሃይድሮግራፍ ሳሰላ ፍሰቱ በጣም ትልቅ ወጣ። ለምን?

የ24 ሰዓቱን ጎርፍ በሙሉ በአንድ ጊዜ ስላፈሰሱት ይሆናል። ሃይድሮግራፍ ማለት ፍሰቱ በጊዜ ውስጥ እንዴት እንደሚጨምርና እንደሚቀንስ የሚያሳይ መስመር ነው። ቀመሩ ይህ ነው፦

ፍሰት = 0.208 × ስፋት × ጎርፍ ÷ ወደ ጫፍ መድረሻ ጊዜ

3.6 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት፣ 45 ደቂቃ መሰብሰቢያ ጊዜ ላለው ተፋሰስ የዝናቡ እርከን (ዝናቡ የሚከፋፈልበት የጊዜ ቁራጭ) 0.1 ሰዓት ቢሆን ወደ ጫፍ፣ ማለትም ወደ ከፍተኛው ፍሰት፣ መድረሻው 0.5 ሰዓት ነው። 38.5 ሚሊ ሜትሩን በሙሉ ካስገቡ በሰከንድ 58 ሜትር ኩብ ገደማ ይወጣል። ይህ ማለት የቀኑ ጎርፍ ሁሉ በስድስት ደቂቃ ዝናብ መጣ ማለት ነው። ትክክለኛው አሠራር ዝናቡን በ24 ሰዓቱ ላይ መዘርጋት፣ ከእያንዳንዷ እርከን የሚወጣውን ጎርፍ መለየት፣ ከዚያም ትንንሾቹን ሃይድሮግራፎች በየጊዜያቸው አንሸራትቶ መደመር ነው። ታይፕ ቱ በሚባለው የ24 ሰዓት ዝናብ ስርጭት ይኸው ተፋሰስ 24 ሜትር ኩብ ገደማ ይሰጣል። 58 ብሎ ድልድይ የሠራ ሰው አይወቀስ ይሆናል፣ ገንዘቡ ግን ያለቦታው ሄዷል።

የአሜሪካ የከርቭ ነምበር ሰንጠረዥ ለእኛ ደጋ ይሠራል?

በጥንቃቄ። ሰንጠረዡ የተሠራው ጎርፍ የሚነሳው ዝናቡ ከመሬቱ የማስረግ አቅም ሲበልጥ ነው በሚል መንፈስ ነው። በእርጥብ ደጋችን ግን ብዙው ጎርፍ የሚነሳው መሬቱ ከታች ስለሞላ ነው፦ ከሸለቆው ግርጌ ጨፌ፣ ከእግረ ተራራውና ስስ አፈር ካለው የተራቆተ መሬት። በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በተቋቋሙት የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያዎች፣ በደቡብ ወሎ ማይባር፣ በሰሜን ሸዋ አንዲት ጥድና በጎጃም አንጀኒ፣ የተመዘገበው መረጃ ሲተነተን ከትነት የተረፈው የክረምት ዝናብ ወደ 500 ሚሊ ሜትር ከተጠራቀመ በኋላ ከሚመጣው ዝናብ ግማሽ ያህሉ ወደ ጎርፍ እንደሚለወጥ ታይቷል። ከዚህ የሚወጣው ተግባራዊ ምክር ግልጽ ነው፦ ጨፌውን በካርታው ላይ ለብቻው ከልለው ከፍ ያለ ከርቭ ነምበር ይስጡት። ሣር ስለለበሰ ብቻ “ጥሩ ግጦሽ” ብለው አይመድቡት።

እርከን ስለተሠራ ቱቦውን ላሳንስ?

አይመከርም። በወረቀት ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ በሲ አፈር ላይ በቀጥታ መስመር የታረሰ ደካማ ማሳ ከርቭ ነምበር 88፣ በኮንቱር ታርሶ እርከን ያለው 80 ይሰጠዋል፤ በ85 ሚሊ ሜትር ዝናብ ጎርፉ ከ54 ወደ 38.5 ይወርዳል። ነገር ግን እርከን በደለል ይሞላል፣ በከብት ይናዳል፤ አንዱ ሲሰበር ውሃው ተጠራቅሞ የታችኞቹን ይዞ ይወርዳል። ቱቦው 30 ዓመት ይቀመጣል ተብሎ ይታሰባል፣ እርከኑ ግን ሳይጠገን ሦስት ክረምት ላያልፍ ይችላል።

“የ10 ዓመት ጎርፍ” በ10 ዓመት አንዴ የሚመጣ ነው?

በየዓመቱ የመምጣት ዕድሉ 10 በመቶ የሆነ ነው። በሚቀጥሉት 10 ዓመታት ቢያንስ አንዴ የመምጣቱ ዕድል 65 በመቶ ነው፤ አምና መጣ ማለት ዘንድሮ አይመጣም ማለት አይደለም። የ25 ዓመቱ ጎርፍ እንኳ በ10 ዓመት ውስጥ የመምጣት ዕድሉ ከሦስት አንድ ነው።

ውጤቴን በምን ላመሳክረው?

በጎርፍ ምልክት። ከትልቅ ጎርፍ በኋላ ቶሎ ወደ ፈፋው ይውረዱና በቁጥቋጦ ላይ የተንጠለጠለ ገለባ፣ በግንዱ ላይ የቀረ ጭቃ፣ በግድግዳው ላይ የታጠበ መስመር ይፈልጉ። ቀጥ ያለና ወጥ ተዳፋት ያለው 50 ሜትር ያህል ቦታ መርጠው ሦስት ቁርጥ (ከዳር እስከ ዳር የፈፋውን ወርድና ጥልቀት) ይለኩ። ቁርጡ 3 ሜትር ስፋት፣ 0.9 ሜትር ጥልቀት፣ ተዳፋቱ 0.02፣ የሻካራነት ቁጥሩ 0.045 ቢሆን፦ የውሃው ስፋት 2.7 ካሬ ሜትር፣ የረጠበው ዙሪያ 4.8 ሜትር፣ የሁለቱ ምጥጥን 0.56፤ የቦይ ውሃን ፍጥነት በሚያሰላው የማኒንግ ቀመር ፍጥነቱ በሰከንድ 2.1 ሜትር፣ ፍሰቱም 5.8 ሜትር ኩብ ነው።

ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። ገለባው በቅርንጫፍ ላይ ያለበት ከፍታ ቅርንጫፉ በውሃ ጎንበስ ብሎ ሳለ የያዘው ሊሆን ስለሚችል ከእውነተኛው ከፍ ብሎ ይታያል። እንዲሁም ቦረቦሩ በዚያው ጎርፍ ከተቆረሰ ዛሬ የሚለኩት ቁርጥ ጎርፉ ጫፍ ላይ ሳለ ከነበረው ይሰፋል። የአካባቢውን ሰው ሲጠይቁ “ጎርፉ ምን ያህል ነበር?” አይበሉ፤ “የት ድረስ ደረሰ? በዚያ ቀን በሬ ይሻገር ነበር?” ብለው ቦታውን በጣት ያስጠቁሙ።

ስሌቱ አለቀ፤ ስንት ቱቦ ልቅበር?

በመግቢያው ላይ ውሃው ከቱቦው ቁመት 1.2 እጥፍ እንዲቆም ከተፈቀደ፣ የ1.2 ሜትር ቱቦ የሚያሳልፈው ከ2.5 ሜትር ኩብ ብዙም አይበልጥም። ለ5.9 ሁለት ቱቦ አይበቃም፤ ሦስት ወይም አንድ ቦክስ ካልቨርት (ባለ አራት ማዕዘን የውሃ ማሳለፊያ) ያስፈልጋል። ፈፋው ድንጋይና ግንድ የሚያወርድ ከሆነ ቦክሱን ይምረጡ፣ በሦስት ቱቦ መካከል ያሉት ግድግዳዎች የመጣውን ሁሉ ይይዛሉና። ሰው ገብቶ ሊጠርገው የማይችለውን ጠባብ ቱቦ ስሌቱ ቢፈቅድም አይቅበሩ፤ መውጫው ላይም ውሃው የሚወድቅበትን ድንጋይ ሳይደረድሩ አይልቀቁት፣ አለዚያ ቦረቦሩ ከታች ተነስቶ ወደ መንገዱ ይወጣል።